ሃሞኩ ለምን ተነቀለ? ቤት ውስጥ ሲሰቀል የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በሜክሲኮዋ ዩካታን ቤት ሲሠራ የሃሞክ፣ ማለትም በሁለት ጫፉ ተሰቅሎ የሚተኛበት ጨርቅ፣ መንጠቆ ግድግዳው ውስጥ አብሮ ይቀበራል። እኛ ጋ መንጠቆው የሚታሰበው ቤቱ አልቆ፣ ልስኑ ደርቆ፣ ቀለሙም ተቀብቶ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። እዚህ የማነሳቸው በብሎኬት ቤትና በኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያጋጥሙትን ነው። ብዙዎቹ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ገመዱን ከልክ በላይ መወጠር።

መንጠቆው ተነቀለ፣ ወይም ዙሪያው ተሰነጠቀ

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ከመንጠቆው ሥር ወለሉ ላይ የልስን ዱቄት ይራገፋል። ቀጥሎ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ይህን ካያችሁ በዚያው ቀን አውርዱት። ቻክ ቀብቶ መቀጠል ችግሩን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም።

አንዱ ምክንያት የተበሳው ቦታ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ መንጠቆውን የሚያስይዘው) የሚይዘው የፊቱን ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ለመጋረጃ ይበቃል፣ ለሰው አይበቃም። ስትበሱ እጃችሁ ይነግራችኋል። የድሪሉ ፑንታ ልስኑን አልፎ ትንሽ ይታገልና ድንገት ዘው ይላል። ዘው ካለ ባዶ ቦታ ላይ ናችሁ፤ ተዉት። ኮለን (የቤቱ የኮንክሪት ምሰሶ) ከሆነ ግን ድሪሉ እስከ መጨረሻው እየታገለ ነው የሚገባው። ሃመር የሌለው ድሪልማ ንቅንቅም አይል።

ሌላው ምክንያት ማዕዘኑ ነው፤ እሱን የሚያስብ ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። ብዙዎቻችን ሃሞክን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ አድርገን እንወጥረዋለን። ሂሳቡን እዩት። 70 ኪሎ የሆነ ሰው ሲተኛ ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ወደ ታች ካዘነበለ፣ እያንዳንዱ መንጠቆ የሚጎተተው በ70 ኪሎ ያህል ነው። 10 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ወደ 200 ኪሎ ይደርሳል። 5 ዲግሪ ከሆነ 400 ኪሎ! ሰውየው አልወፈረም፣ ገመዱ ነው የተወጠረው። ልጆች ዘለው ሲገቡበት ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮለን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክፍሉ ጥግ ላይ ነው፤ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ መስቀል የሚመቸውም ለዚህ ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ ምቱት፤ ብሎኬቱ ያስተጋባል፣ ኮለኑ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ 10 ወይም 12 ሚሊ የብረት ፊሸር፣ ማለትም ዳዶው ሲጠብቅ ውስጥ የሚከፈተውን፣ አስገቡ። የፕላስቲኩን ለስዕል ተዉት። ከኮለኑ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሳንቲም ራቁ፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይፈነከታል። ፑንታው ብረት ነክቶ ከቆመ ፌሮ አግኝቷልና አትግፉት፤ ጥቂት ሳንቲም ፈቀቅ ብላችሁ ሌላ ብሱ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ በላይና በታች ደግሞ ጭራሽ አትብሱ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ቀዳዳውን ሳያጸዱ ፊሸር መክተት የተለመደ ጥፋት ነው። ውስጡ የቀረው ዱቄት ብረቱ እንዳይነክስ ያደርገዋል። በቀጭን ቱቦ እፍ በሉት፤ ዓይናችሁን ግን ጨፍኑ።

ከፍታውን ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃል። በሁለቱ መንጠቆዎች መካከል ያለውን ርቀት ለሁለት ክፈሉ፣ በ0.58 አባዙ (30 ዲግሪውን የሚሰጠው ይህ ነው)፣ መቀመጫው ከወለል እንዲርቅ 45 ሳንቲም ጨምሩ። ርቀቱ 4 ሜትር ከሆነ ግማሹ 2 ሜትር ነው፤ 2 ሲባዛ በ0.58፣ 1.16 ይሆናል። 45 ሳንቲሙ ሲጨመርበት መንጠቆው 1.6 ሜትር አካባቢ ላይ ይሰቀላል ማለት ነው። ርቀቱ 3 ሜትር ከሆነ 1.3 ሜትር ይበቃል። ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ልክ ነው።

ከኮርኒስ ላይ ለመስቀል ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ኮርኒስ ራሱን እንጂ ሰውን አይሸከምም። ከላይ ያለው ሶሌታም (የኮንክሪት ጣሪያው) ቢሆን በብዙ ኮንዶሚኒየሞች በቢሞች መካከል ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት ነው። ዘው የሚለው እዚያም ይጠብቃችኋል።

ማታ ከፍ ብሎ የነበረው ጠዋት ወለል ይነካል

ወይ ገመዱ ናይለን ነው፣ ወይ ቋጠሮው ተንሸራቷል። ናይለን ክብደት ሲያርፍበት ይለጠጣል። ፖሊስተር ገመድ ወይም ጠፍጣፋ የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ይሻላል። ቋጠሮው ላይ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ምልክቱ ከቦታው ከሸሸ ቋጠሮው ነው፤ ካልሸሸ ገመዱ ነው። አዲስ ጨርቅ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መርዘሙ አይቀርም፤ ያኔ ገመዱን ማሳጠር ይበቃል።

ወገብ ያማል፣ አንገት ይደነዝዛል

ቀጥ ብላችሁ ስለተኛችሁ ነው። ሃሞክ ርዝመቱን ተከትለው ሲተኙበት ሰውነትን ያጎብጣል። በሰያፍ ተኙ፤ ጭንቅላት ወደ አንዱ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው። ጨርቁ ይዘረጋል፣ ጀርባም ወደ ጠፍጣፋ ይጠጋል። በሰያፍ ስትተኙ ጨርቁ ካልበቃችሁ ሃሞኩ አጥሯችኋል፤ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆን ፈልጉ። እዚህም ቢሆን ከልክ በላይ የተወጠረ ሃሞክ በሰያፍ አያስተኛም፤ ላላ አድርጉት።

ሲገቡበት ይገለብጣል

ጫፍና ጫፉ ላይ እንጨት ያለበት ዓይነት ይህ አመል አለው። ለፎቶ ያምራል፣ ለመተኛት ግን እኔ አልገዛውም። እንጨቱ ጨርቁን ስለሚዘረጋው ሰውየው ከላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጡ አይገባም፤ ትንሽ ዘንበል ሲል ይገለበጣል። የያዛችሁት ይህ ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ ጀርባና እግራችሁን አንድ ላይ አስገቡ።

ሲጢጥ ይላል

ብረት ብረትን ሲፈትግ ነው። መንጠቆውን ሻማ ቀቡት። ግራሶ ጨርቁን ያበላሻል። ድምፁ ከግድግዳው ሥር ከሆነ ግን ዳዶው ላልቷል፤ ሻማውን አስቀምጡና ቁልፍ አንሱ። ደጋግሞ የሚላላ ከሆነ ፊሸሩ አልያዘም ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ብሱ።

ብርድ ከታች ይገባል

አዲስ አበባ ከህዳር እስከ ጥር በሃሞክ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦም ጀርባው ይበርደዋል። ከሥር ያነጠፋችሁት ብርድ ልብስ በክብደታችሁ ተጨፍልቆ አየር ስለማይዝ አያሞቅም። ወይ ስስ ስፖንጅ ውስጡ አንጥፉ፣ ወይ ጋቢውን ከሃሞኩ በታች በውጭ በኩል ዘርግታችሁ ጫፍና ጫፉን ከሃሞኩ ጫፎች ጋር እሰሩት። ሳይጨፈለቅ ሲቀር ነው የሚያሞቀው። ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው።

አከራዩ «ግድግዳ አይበሳም» ብለዋል

አትከራከሯቸው። በመስኮት ፍርግርግ ላይም አትሰሩ፤ ፍርግርግ ሌባ ሊከለክል እንጂ ሰው ሊሸከም አልተበየደም። ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ ከአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት ማቆሚያ አሠሩ። እግሩ ሰፊ ይሁን፤ ጫፉ ላይ ላስቲክ ካላደረጋችሁ ሴራሚኩን ይጭረዋል። ስትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን እርሱት። ቀበቶውን በምሰሶው ዙሪያ ጠምጥሙ፤ ከዚያ በፊት ግን ምሰሶውን በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉ። ካቻቪቴው በቀላሉ ከገባ ምስጥ ቀድሟችኋል።

ሕፃን ልጅ ብቻውን ሃሞክ ውስጥ አይተኛ። ጨርቁ ፊቱ ላይ ሊጠቀለል ይችላል፤ ለዚህ ሌላ መፍትሄ የለውም።

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ኮለኑ ከመሞላቱ በፊት መንጠቆው ከፌሮው ጋር ታስሮ እንዲቀበር ለፎርማኑ ንገሩት። ከፍታውን ከላይ ባለው ሂሳብ አውጡና ኮለኑ በሚሞላበት ፎርም ላይ በእርሳስ ጻፉለት።