ወደ ሱዝዳል የሚሄድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሩሲያ የሄደ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሞስኮን ነው። ቀይ አደባባይን ያያል፣ ሜትሮ ውስጥ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ትንሽ ራቅ ብሎ ጸጥ ያለች ከተማ ማየት ለሚፈልግ ግን እኔ የምመርጥለት ሱዝዳልን ነው። ከሞስኮ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ነዋሪዋ 10 ሺህ ቢሆን ነው። ስሟ በዜና መዋዕል የሚነሳው ግን ከ1024 ጀምሮ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በ1862 ከሞስኮ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በጎረቤቷ በቭላድሚር በኩል አለፈና ሱዝዳልን ዘለላት። ያኔ ለነጋዴዎቿ መርዶ ነበር። ዛሬ ግን ሰው የሚጎርፍላት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትልቅ ፋብሪካም ሆነ የፎቅ ጫካ ሳይመጣባት ቀረ። እንግዶች እዚያ የሚሠሯቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሰዉ የትልቅ ከተማ ጥድፊያውን እንደያዘ ይገባል፣ ከተማዋ ደግሞ አትጣደፍም።

"ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ"

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። የአስጎብኚ አውቶቡሶች ጠዋት ከሞስኮ ይመጣሉ፣ ሰዉን ክሬምሊኑ (የድሮው ምሽግ) አጠገብ ያራግፋሉ፣ ምሳ ይበላል፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይገዛል፣ አመሻሽ ላይ ጉዞ ወደ ቤት። የሱዝዳል ጥሩ ሰዓት የሚጀምረው እነሱ ሲሄዱ ነው። ካሜንካ ወንዝ ዳር ያለው የሣር መንገድ ባዶ ይሆናል፣ የአካባቢው ሰው ውሻውን ይዞ ብቅ ይላል። ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ሁለት ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ።

ቀኑንም ምረጡ። አርብና ቅዳሜ ሞስኮ ወደ ሱዝዳል ትገለበጣለች፤ የአልጋ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ያለው ይሻላል። ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ሩሲያ በሙሉ በዓል ላይ ስለሆነች ቀድሞ ያልያዘ ሰው አልጋ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በጁላይ የሚከበር የዱባ ሳይሆን የኪያር በዓል አላት፤ አዎ፣ የኪያር። ያኔም ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። ግርግር ለሚወድ ግን ደስ ይላል።

ባቡሩ እዚያው ያወርደኛል ብሎ ማሰብ

ሱዝዳል ባቡር ጣቢያ የላትም። ከሞስኮ ኩርስኪ ጣቢያ ፈጣኑን ባቡር ትይዙና ከሁለት ሰዓት ገደማ ጉዞ በኋላ ቭላድሚር ትወርዳላችሁ። የባቡር ቲኬቱ በፓስፖርት ስም ስለሚቆረጥ የስም ፊደላቱ አንድም እንዳይዛባ። ቭላድሚር ስትወርዱ የአውቶቡስ መናኸሪያው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ከዚያ 26 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሁለት ነገር ላይ ሰው ይሸወዳል። አንደኛ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚወጣበትን ሰዓት ሳይጠይቅ በምሽት ባቡር ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሱዝዳል መናኸሪያ ከመሀል ከተማው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሻንጣ ይዞ በበረዶ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ቀልድ አይደለም። ታክሲ ያዙ።

ካርድ ላይ መተማመን

ቪዛና ማስተርካርድ ከማርች 2022 ጀምሮ ሩሲያ ውስጥ ሥራ አቁመዋል። ከውጭ አገር ባንክ የወጣ ካርድ አይሠራም፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከላችሁም ቢሆን ያው ነው። ቡኪንግና ኤርቢኤንቢም ከዚያው ጊዜ ወዲህ ከአገሩ ወጥተዋል። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ነው መፍትሔው። ንጹሕ፣ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት ዶላር ወይም ዩሮ ይዛችሁ ሞስኮ ባንክ ውስጥ ወደ ሩብል ቀይሩ። "ሱዝዳል ስደርስ እመነዝራለሁ" አትበሉ።

ስልክም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ከ2025 ጀምሮ ለውጭ ዜጋ ሲም ካርድ የሚሸጠው ፊትና ድምፅ ከተመዘገበ በኋላ ነው፤ እንደ ድሮው ከሱቅ ገዝቶ መውጣት ቀርቷል። በዚያ ላይ በጸጥታ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት በየአካባቢው የሚቋረጥበት ቀን አለ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ ጫኑት። የማረፊያችሁን አድራሻ በሩሲያ ፊደል ወረቀት ላይ አስጽፉ። ለታክሲ ሹፌር ወረቀት ማሳየት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ትንሿን ወረቀት መጣል

ኤርፖርት ስትገቡ የምትሰጣችሁ የሚግሬሽን ካርድ ከፓስፖርቱ እኩል ናት። አትጣሏት፣ አትጥፋባችሁ። ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ያስመዘግባችኋል። ሰው ቤት ካረፋችሁ ግን ባለቤቱ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ ይህን ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ቪዛው የጉብኝት ከሆነ ደግሞ ጉብኝት ብቻ ነው። ሥራ አለ፣ ጥሩ ደሞዝ አለ ብሎ በሩሲያኛ የተጻፈ ውል የሚዘረጋላችሁ ሰው ካገኛችሁ እስክሪብቶ አታንሱ።

ቤተ ክርስቲያን ላይ የእኛን ሥርዓት እንዳለ መውሰድ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ነው ብሎ የሚገባ ብዙ ነው። አንድ አይደለም።

በመጀመሪያ ጫማ አታውልቁ። በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚገባው ጫማውን እንዳደረገ ነው። ወንድ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ሴት ጸጉሯን ትሸፍናለች። ነጠላ ይዛ የሄደች ሴት ያለችግር ትገባለች፤ እንዲያውም አሮጊቶቹ በአድናቆት ያዩአታል። ሱሪ የለበሰች ሴት ግን ገዳም ውስጥ ፊት ሊነሷት ይችላል። ብዙ ቦታ በሩ አጠገብ የሚገለደም ጨርቅ ስላለ አንስቶ መታጠቅ ነው። ቅዳሴው ቆሞ ስለሆነ ለእኛ አዲስ አይሆንም። ሻማ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይገዛል።

ቁርባን ግን የለም። የእኛና የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ተለያይተዋል። ቆማችሁ አስቀድሱ፣ ሻማ አብሩ፣ ሥዕሉን ተሳለሙ፤ የቆራቢዎቹ ሰልፍ ውስጥ ግን አትግቡ።

ሌላው፣ ሙዚየም የሆነውንና ምእመን ያለበትን ለዩ። በክሬምሊኑ ውስጥ ያለው የልደታ ካቴድራል (ከ1222 እስከ 1225 የተሠራው፣ ሰማያዊ ጉልላቱ ላይ የወርቅ ኮከብ የተረጨበት) ትኬት ተቆርጦ የሚታይ ነው። በ1364 የተመሠረተው የፖክሮቭስኪ ገዳም ግን ዛሬም መነኮሳይያት የሚኖሩበት ነው። ታሪኩ የሚያሳዝን ነው፤ ነገሥታት የጠሏቸውን ሚስቶች የሚያስመነኩሱበት ቦታ ነበር። የሞስኮው ገዥ ቫሲሊ ሣልሳዊ በ1525 ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ ሰሎሞንያን የፈታት ጊዜ መጨረሻዋ እዚህ ሆነ። ታላቁ ጴጥሮስም የመጀመሪያ ሚስቱን ኤቭዶኪያን በ1698 ወደዚሁ ላከ። እዚያ ግቢ ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራትና መነኮሳይያቱን ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

የሚያስደስተውን ደግሞ ልንገራችሁ። ትንሣኤያችን በአንድ ቀን ይውላል፣ ገናቸውም ጃንዋሪ 7 ነው። ረቡዕና አርብ የሚጾም ሰው እዚያም አለ። በዐቢይ ጾም የብዙ ምግብ ቤቶች አስተናጋጆች የጾም ዝርዝር ለብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ "ፖስትኖዬ" ብላችሁ ጠይቁ። የእንጉዳይ ሾርባ፣ የድንች ምግብ፣ ፒሮግ የሚባል ጎመን የተሞላ ዳቦ ታገኛላችሁ። ሜኑው ላይ በእንግሊዝኛ ቬጋን የሚል ፍለጋ አትድከሙ።

ፊታቸው አልፈታም ብሎ መቀየም

የሩሲያ ሰው ለማያውቀው ሰው ጥርሱን አያሳይም። ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴት ኮስተር ብላ መልስ ስትሰጣችሁ ጠልታችሁ አይደለም፤ ለጎረቤቷም እንደዚሁ ናት። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ "ዝድራስትቩይቴ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ነገሩ ይለዝባል። ለትልቅ ሰው እኛ እርስዎ እንደምንለው እነሱም የአክብሮት አጠራር አላቸው፣ እሱን ተጠቀሙ። እንግሊዝኛ የሚችል ብዙ አታገኙም። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማረ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጥቂት ቃል ተማሩ። እነሱም ይደሰታሉ።

ጥቁር ሰው በትንሽ ከተማ ውስጥ መታየቱ አይቀርም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አብዛኛው የማየት ጉጉት ነው። ልጆች ያፈጣሉ፣ ፎቶ እንነሳ የሚልም ይመጣል። ካልፈለጋችሁ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። የሰከረና ክፉ የሚናገር ካጋጠመ ግን መልስ አትስጡ፤ ሰው ወዳለበት ሂዱ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሉ ደግሞ ከትልልቆቹ አንዱ "ፑሽኪን!" ማለቱ አይቀርም። የገጣሚው ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ የመጣ ነው። ትውልዱን ከካሜሩን የሚያደርጉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አዛውንቱን ግን በዚህ አትከራከሯቸው። አዲስ አበባም በስሙ አደባባይ እንዳለ ንገሯቸውና ሻይ ሲቀዱላችሁ ተመልከቱ።

ሰው ቤት ባዶ እጅ መግባት

ይሄ ለእኛ አይነገርም፤ ሥርዓቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅኑ ላይ ነው። ቤት ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። በደጃፍ ላይ ቆማችሁ እጅ አትጨባበጡ፤ ወይ ግቡ ወይ ባለቤቱ ይውጡ። አበባ ከገዛችሁ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ለሐዘን ነው።

ሜዶቩሃን እንደ ብርዝ መጠጣት

ሱዝዳል በማር መጠጧ ትታወቃለች። ሜዶቩሃ ይባላል። ለጠጅ አገር ሰው ይሄ ሲነገረው "እኛን ማን አስተምሮን" ይላል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የእኛ ጠጅ ጌሾው ምላስ ላይ ስለሚመር ትንሽ ይገታችኋል። ሜዶቩሃ ግን ጣፋጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እየጠጣችሁ አልኮል መሆኑን ትረሳላችሁ። ለመቅመስ በትንንሽ ብርጭቆ ልዩ ልዩ ዓይነት ተደርድሮ ይቀርባል። ሆድ ሳይሞሉ አትጀምሩ። ከጠጡ በኋላ ደግሞ ወደ ባንያ፣ ወደ እንፋሎት መታጠቢያቸው፣ መግባት ጨርሶ አይሆንም። ብዙ ማረፊያዎች ባንያ ስላላቸው ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ፦ ባንያው ይቅደም፣ መጠጡ ይቆይ።

በገበያው አደባባይና በየግቢው በር ላይ አነስተኛ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡ እናቶችን ዝም ብላችሁ አትለፉ። ጨው የገባበት ኪያር በጠርሙስ፣ የእንጆሪ ማርማላታ፣ የደረቀ እንጉዳይ በክር ተሰክቶ። ኪያሩን አንዱን አውጥተው ያስቀምሷችኋል። ዲል የሚባለው ቅመምና ነጭ ሽንኩርቱ አፍንጫ ድረስ ይመጣል። ተከራክሮ ዋጋ ማስቀነስ አይለመድም፤ መርካቶ አይደለም።

ክሬምሊኑን ብቻ አይቶ መመለስ

ክሬምሊን ሲባል የሞስኮውን ቀይ ግንብ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። የሱዝዳሉ የአፈር ካብ ነው፤ ሣር በቅሎበታል። ግንብ ማየት የፈለገ በ1352 ወደተመሠረተው ወደ ስፓሶ ኤቭፊሚየቭ ገዳም ይሂድ። እስር ቤትም ሆኖ ያውቃል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስታሊንግራድ ላይ የተማረከው ጀርመናዊው ፊልድ ማርሻል ፓውሉስ እዚህ ታስሯል። ዛሬ ሙዚየም ነው። በቀን ውስጥ በተወሰነ ሰዓት ደዋዮቹ ደወል ማማው ላይ ወጥተው ይደውላሉ። ታች ሆናችሁ አንጋጣችሁ ስታዩ ሰውየው ገመዶቹን ሲስብ ይታያል። መጀመሪያ ትንንሾቹ ይንጫጫሉ፣ ቀጥሎ ትልቁ ሲመታ ደረታችሁ ውስጥ ይሰማችኋል። ሰዓቱን መግቢያው ላይ ጠይቁና አያምልጣችሁ።

ጊዜ ካላችሁ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ኪዴክሻ የምትባለውን መንደር እዩ። በ1152 የተሠራ የነጭ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ሰው አይበዛበትም። የሙዚየሞቹ ዝግ ቀን እንደየቦታው ይለያያል፤ በወር አንዴም ለጽዳት ይዘጋሉ። ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ልብስ ላይ መሞኘት

ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ 20 የሚደርስበትም ቀን አለ። ካፖርቱ ሳይሆን ጫማው ነው ሰውን የሚገድለው። ሶሉ ወፍራምና የማያንሸራትት ይሁን። ስልክ ከውስጥ ኪስ ካልተቀመጠ ባትሪው ይሞታል። በአፕሪል መጀመሪያ በረዶው ሲቀልጥ ጭቃው ጉድ ነው፤ ነጭ ጫማ ቤት ይቅር። በእነሱ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ወንዝ ዳር ትንኝ አለ።

አላስፈላጊ ወሬና ካሜራ

ወታደር፣ ፖሊስ፣ የጦር ተቋም ፎቶ አታንሱ። ድሮን አትያዙ። ስለ ጦርነቱ በየካፌው አስተያየት አትስጡ፤ ከማርች 2022 ወዲህ ሠራዊቱን ማንቋሸሽ በሕግ ያስቀጣል፤ የውጭ ዜጋ ነኝ ማለትም አያድንም።

የመልሱን ቲኬት ለመጨረሻ ማቆየት

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሞስኮ የመጣው ሁሉ ወደ ሞስኮ ይመለሳል። የዚያን ቀን ከቭላድሚር የሚነሱት ባቡሮች ቶሎ ይሞላሉ፤ የሱዝዳል አውቶቡስም ሰልፍ ይበዛበታል። ከተቻለ ሰኞ ተመለሱ። ካልሆነም የባቡሩን ቲኬት ከሞስኮ ሳትነሱ ደርሶ መልስ ቁረጡ፣ በአውቶቡሱና በባቡሩ መካከልም ቢያንስ የአንድ ሰዓት ክፍተት ተዉ።