መጽሐፍ ቅዱስ ራሱን የሚቃረን ሲመስለን የምንሠራቸው ስህተቶች

ተማሪ ሳለሁ አንዲት ቀጭን ደብተር ነበረችኝ። ለብዙ ዓመት ለማንም አላሳየኋትም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አካዝያስ፦ 22 ወይስ 42?» ይላል። 2ኛ ነገሥት 8፥26 ንጉሥ አካዝያስ ሲነግሥ የ22 ዓመት ሰው እንደነበር ይናገራል። በ2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2 ግን የዕብራይስጡ ጽሑፍ 42 ይለዋል። ችግሩ ደግሞ ምን መሰላችሁ? አባቱ ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነግሦ፣ 8 ዓመት ገዝቶ ነው የሞተው። በ40 ዓመቱ ማለት ነው። እንግዲህ ልጅ አባቱን በሁለት ዓመት ሊበልጠው ነው!

ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ላብ ነው ያጠመቀኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ መጠራጠሬን ግን ከስህተቶቼ አልቆጥረውም። የጎዳኝ ጥድፊያዬ ነው። አንዳንዴ መልስ አገኘሁ ለማለት ተጣደፍኩ፣ አንዳንዴ ሁሉንም ጥዬ ለመውጣት። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ጥያቄውን መዋጥ

«ዝም ብለህ እመን» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። መካሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እሱም ፈርቶ ነው። ግን የተዋጠ ጥያቄ አይፈጭም። ቆይቶ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ጸሎት ይሰለቻል፣ መዝሙር ባዶ ይሆናል፣ ምክንያቱን ግን ራስህም አታውቀውም።

መጽሐፉ ራሱ ተጠራጣሪዎቹን አልደበቀም። ማቴዎስ ወንጌሉን ሊጨርስ ሦስት ቁጥር ሲቀረው ስለ ደቀ መዛሙርቱ እንዲህ ይላል፦ «ባዩትም ጊዜ ሰገዱለት፤ የተጠራጠሩ ግን ነበሩ።» ከሙታን የተነሣውን ጌታ ፊት ለፊት እያዩ! ወዲያው ወደ አሕዛብ ሁሉ «ሂዱ» ሲባል ደግሞ የተጠራጠሩት ተለይተው ወደ ኋላ አልቀሩም። መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ላከ። ኢየሱስ ለተላኩት መልስ ሰጥቶ ከሸኛቸው በኋላ፣ ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ዮሐንስን የሚበልጥ አልተነሣም ብሎ ለሕዝቡ መሰከረለት። ቶማስን ስናነሳ የምንዘነጋት ነገር አለች። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ገና ሳያምን፣ ከወንድሞቹ ጋር እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እነሱ አላባረሩትም፤ እሱም ጥሏቸው አልሄደም።

ሐዘንን የቁጥር ጥያቄ ማልበስ

ደብተሯን የጀመርኳት አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር ነው። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘኋቸው ግን ብዙ ቆይቼ ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ ስለ አካዝያስ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያጣ ማን ነው? «ያን ያህል ጸልየን ለምን ዝም ተባልን?» ብዬ ለመጠየቅ ስላልደፈርኩ ነው አንድ ንጉሥ ፈልጌ የያዝኩት። ያን ጊዜ አንድ ሰው የአካዝያስን ነገር ቢፈታልኝ ኖሮ በማግስቱ ሌላ ገጽ እከፍት ነበር።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ጥያቄ ዛሬ ቢመለስልኝ አርፌ እተኛለሁ? «አይ» ካላችሁ ጥያቄው ሌላ ቦታ ነው ያለው። እዚያ ላይ የትርጓሜ መጽሐፍ ብዙ አይረዳም። ዕንባቆም ይሻላል። መዝሙር 88 ይሻላል (በአንዳንዱ እትም 87 ነው)። የዕብራይስጡ የመጨረሻ ቃል «ጨለማ» ነው፤ እንደ ብዙዎቹ መዝሙራት በምስጋና ለመዝጋት እንኳ አልሞከረም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሁሉም ሰው ጥያቄ ከቁስል አይመጣም። ጥያቄው እውነትም ስለ ጽሑፉ የሆነ ሰው አለ። እሱን «የተጎዳህ ትመስለኛለህ» ማለት ስድብ ነው።

ጥቅሶችን ከዝርዝር ላይ ማንበብ

ኢንተርኔት ላይ «የመጽሐፍ ቅዱስ ቅራኔዎች» የሚሉ ረጃጅም ዝርዝሮች አሉ። በቀኝ አንድ ጥቅስ፣ በግራ አንድ ጥቅስ። የእኔም ደብተር እንደዚያ ነበረች። በሽታዋ ምን እንደሆነ የገባኝ ምዕራፎቹን ሙሉ በሙሉ ማንበብ ስጀምር ነው።

1ኛ ሳሙኤል 15ን ውሰዱ። ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ ተጸጸትሁ ይላል። ቁጥር 29 ላይ ሳሙኤል እግዚአብሔር እንደ ሰው የሚጸጸት አይደለም ይላል። ቁጥር 35 ላይ ደግሞ እንደገና፣ እግዚአብሔር ተጸጸተ። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ! ይህን የጻፈው ሰው ከ18 ቁጥር በፊት የጻፈውን ረስቶ ይመስላችኋል? ሆን ብሎ ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። እግዚአብሔር በሰው ጥፋት ልቡ ያዝናል፤ ግን እንደ ሰው ቃሉን አያጥፍም። አንዱን ብቻ ብትይዙ ወይ ድንጋይ የሆነ አምላክ ይቀራችኋል፣ ወይ የሚዋዥቅ። ዘጸአት 33ም እንደዚሁ ነው። ቁጥር 11 እግዚአብሔር ሙሴን ፊት ለፊት እንደ ባልንጀራ አነጋገረው ይላል፤ ቁጥር 20 ፊቴን አይቶ የሚድን ሰው የለም ይላል።

ምሳሌ 26 ደግሞ ርቀት እንኳ አልፈለገም። ቁጥር 4 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት»፣ ቁጥር 5 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት»። እኛም እኮ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፣ በዚያው አፋችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን። ማንም ተጋጨብኝ ብሎ አያውቅም። የትኛው መቼ እንደሚሠራ ማወቅ ነው ጥበቡ።

ጳውሎስና ያዕቆብም ብዙ ያጨቃጭቃሉ። ሮሜ 3፥28 ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ይላል፤ ያዕቆብ 2፥24 በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ ይላል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንድ ሰው ነው፣ አብርሃም። ሁለቱም የሚጠቅሱት ዘፍጥረት 15፥6ን ነው። ግን ማንን እያናገሩ እንደሆነ እዩ። ጳውሎስ የሚከራከረው አሕዛብ ካልተገረዙ አይጸድቁም የሚለውን ሐሳብ ነው። ያዕቆብ የሚያናግረው የተራቆተ ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ነው። ለሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት መድኃኒት ብታዙ አንዱን ትገድሉታላችሁ።

ጥንታዊ ጽሑፍን እንደ ፖሊስ ሪፖርት ማንበብ

በትንሣኤ ጠዋት ወደ መቃብሩ የሄደው ማን ነው? ማቴዎስ ሁለት ሴቶችን ይጠቅሳል፣ ማርቆስ ሦስት፣ ሉቃስ ሦስቱን በስም ጠርቶ ሌሎችም ነበሩ ይላል። ዮሐንስ መግደላዊት ማርያምን ብቻ። የደብተሬን ሁለት ገጽ የበላው ይሄ ነው።

አንድ ቀን ዮሐንስ 20፥2ን ቀስ ብዬ አነበብኩት። ማርያም ብቻዋን ሮጣ መጥታ ምን አለች? «ወዴትም እንዳኖሩት አናውቅም።» አናውቅም! ብቻዋን ከሆነች ይህ «እኛ» ከየት መጣ? ዮሐንስ ሌሎቹን ሴቶች አልካዳቸውም። ዓይኑን በአንዷ ላይ ተክሎ እየተረከ ነው። ሉቃስም ይህንኑ ያደርጋል። በ24፥12 ወደ መቃብሩ የሮጠው ጴጥሮስ ብቻ ነው፤ በ24፥24 ግን የኤማሁስ መንገደኞች «ከእኛ ጋር ከነበሩት አንዳንዶቹ» ሄዱ ይላሉ። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ምዕራፍ። አንድን ሰው መጥቀስ ሌላ ሰው አልነበረም ማለት እንዳልሆነ ለእነሱ ግልጽ ነበር።

ማቴዎስ ደግሞ የኢየሱስን የትውልድ ሐረግ በሦስት አሥራ አራት ለመክፈል ከኢዮራም ቀጥሎ ሦስት ነገሥታትን ዘሎ ወደ ዖዝያን ይሄዳል። ከተዘለሉት አንዱ የእኔው አካዝያስ ነው! የነገሥታትን መጽሐፍ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይጠፋውም። ማቴዎስም ሊያታልለው አልሞከረም፤ ዝርዝሩን ቅርጽ እያስያዘው ነው።

በ2ኛው መቶ ዓመት ታቲያን የሚባል ሰው አራቱን ወንጌላት አዋሕዶ አንድ ወጥ ትረካ አዘጋጀ። ዲያቴሳሮን ይባላል። የሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ጊዜ ተጠቅመውበታል። በ5ኛው መቶ ዓመት ግን ጳጳሱ ቴዎዶሬጦስ በሀገረ ስብከቱ ከ200 በላይ ቅጂዎችን ሰብስቦ በአራቱ ወንጌላት ተካቸው። ነገሩን አስቡት። ልዩነቱን የሚያጠፋ መጽሐፍ በእጃቸው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አራቱን ከነልዩነታቸው መረጠች። ዮሐንስ አፈወርቅም ማቴዎስን ሲተረጉም ይህን አንስቷል፦ በሁሉም ነገር አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ጠላቶቻቸው «ተመካክረው ነው የጻፉት» ይሉ ነበር።

ባገኙት ክር መስፋት

ይህ የአማኞች ስህተት ነው፤ እኔን ከተጠራጣሪዎቹ ዝርዝር ይልቅ የጎዳኝም እሱ ነው። ጴጥሮስ ጌታን ስንት ጊዜ ካደ? ሦስት፣ አራቱም ወንጌላት ይስማማሉ። ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ይለያያሉ። ይህን ለማስታረቅ ብለው ጴጥሮስ ስድስት ጊዜ ነው የካደው እስከ ማለት የደረሱ ሰዎች አሉ። አራቱን ወንጌላት ለማዳን አራቱም የማይሉትን መፍጠር!

የይሁዳን ሞት እንይ። ማቴዎስ 27 ታነቀ ይላል። ሐዋርያት ሥራ 1 በግንባሩ ተደፍቶ ሆዱ ተሰነጠቀ ይላል። ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ የሚለው የቆየ ማብራሪያ ነው። ሊሆን ይችላል። ማስታረቂያው ግን የእኛ ግምት እንጂ የማንኛቸውም ቃል አይደለም። «ሊሆን ይችላል» ማለትና «እንዲህ ነው» ማለት ይለያያሉ። አንድ አስተማሪዬ ሁለተኛውን አለኝ፣ አንድ ጥያቄ ስጨምርለት ተቆጣኝ፣ ከዚያ በኋላ እውነት የነገረኝንም ማመን አቃተኝ። ኢዮብ 13፥7 ላይ ኢዮብ ጓደኞቹን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ውሸት ትናገራላችሁ? ብሎ ይጠይቃል። በመጽሐፉ መጨረሻ የተወቀሱት እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት እነዚያው ጓደኞች ናቸው።

ሁሉንም በአንድ ሚዛን መስፈር

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በ405 ገደማ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ እውነትን የሚቃረን የሚመስል ነገር ሲያጋጥመው ሦስት ነገር እንደሚያስብ ይናገራል፦ ወይ ቅጂው ተሳስቷል፣ ወይ ተርጓሚው ስቷል፣ ወይ እኔ አልገባኝም። አካዝያስ የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል። የጥንቱ የሶርያ ትርጉምና አንዳንድ የግሪክ ቅጂዎች በዜና መዋዕልም 22 ነው የሚሉት። በእጅ የሚገለበጥ ቁጥር ይሳሳታል። የሰሎሞን የፈረስ ጋጣ በአንድ ቦታ 40,000፣ በሌላው 4,000 መሆኑም እንዲሁ ነው። ማንም ሰው የተጠመቀው በፈረስ ጋጣ ቁጥር አይደለም።

ዳዊት ሕዝቡን እንዲቆጥር ያነሣሣው ማነው የሚለው ግን ከባድ ነው። 2ኛ ሳሙኤል 24 እግዚአብሔር ይላል፣ 1ኛ ዜና መዋዕል 21 ሰይጣን ይላል። ሁለተኛው የተጻፈው ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ነው። አንዱ የፈቀደውን፣ ሌላው የፈጸመውን አይቷል የሚለው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ እኔን ግን እስከ መጨረሻው አላሳረፈኝም። በኢያሱ ዘመን ስለተጨፈጨፉት ሕፃናት ያለኝ ጥያቄ ደግሞ ከጸሐፊ ስህተት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። እሱ የሕሊና ጥያቄ ነው። እነዚህን ከፈረስ ጋጣው ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ መክተት ለሁለቱም ፍትሕ አይሆንም። ጋጣው ይገንናል፣ ሕፃናቱ ደግሞ ቁጥር ይሆናሉ።

እኩለ ሌሊት ላይ መወሰን

ብዙ አልልም። ስልክ ይዛችሁ፣ ብቻችሁን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እምነታችሁን አትተዉ። እተዋለሁ ብላችሁም አትማሉ። ጠዋት ቁርስ ብሉና ቀጥሉ።

የሌላውን ጥያቄ በመልስ ማፈን

ጥያቄ ሲመጣባችሁ መልስ ለመተኮስ አትቸኩሉ። «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ዳግመኛ እንዲጠይቅ የሚያደርገው እሱ እንደሆነ አየሁ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ስለ ይሁዳ ጠየቀችኝ። «አጎቴ፣ ታንቆ ነው ወይስ ወድቆ?» አለች። ደብተሬን አሳየኋት፣ እዚያ ላይ ገጽ 4 ነው። ሳቀች። ከዚያ ማቴዎስ 27ን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርን። ይሁዳ ተጸጽቶ ሠላሳውን ብር መልሶ ሲያመጣ፣ ካህናቱ «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» የሚሉት ቦታ ላይ አስቆመችኝ። «ወደ ኢየሱስ ቢመለስ ኖሮስ?» አለች። ስለ ገመዱ ሳናነሳ መሸብን።