ጀልባ ለምትጎትቱ፦ የተሳቢውን ፍሬን ወደ ዲስክ ስትቀይሩ
አሜሪካ ሆናችሁ ከባድ ጀልባ የምትጎትቱ፣ ተሳቢው ባለ ታምቡር ፍሬን ከሆነ ወደ ዲስክ ቀይሩት። ጀልባው በወረደ ቁጥር ጎማው ውሃ ውስጥ ይነከራል። ታምቡር ውሃና ጨው ይዞ ስለሚቀር ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ዲስክ ቶሎ ይደርቃል፤ ለማጠብም አያስቸግርም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው። ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዘው ሰርጅ ፍሬን ከሆነ፣ ዲስክ ከታምቡር የበለጠ የዘይት ግፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ፊት ለፊት ያለው የፍሬን ፓምፕም ለዲስክ የተሠራ ይሁን። ሌላው ደግሞ ወደ ኋላ ስትነዱ ፍሬኑ ይይዝና ንቅንቅ አልልም ይላል (የጀልባ ማውረጃና ማውጫው ላይ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ!)። የኋላ ማርሽ ሲገባ ዘይቱን የሚዘጋ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) አስገጥሙ። ለሱ መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኝ ባለ 5 ሽቦ ሶኬት ያስፈልጋል፤ ባለ 4ቱ አይበቃም።