የምሁራን የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የምሁራንን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የተነሡ ወጣቶች ረቂቃቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አንዱን ስህተት እጅግ ደጋግሜ ስለማየው ከእርሱ እጀምራለሁ።

እርሱም የባለታሪኩን ሰፊ ዕውቀት ዘርዝሮ ብቻ ማለፍ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ አጥኚው ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የተጻፈ አንድ ረቂቅ «ስለ ገንዘብ ጽፈዋል፤ ስለ ረኃብ ጽፈዋል፤ ስለ ሕክምናም ጽፈዋል» እያለ ገጹን ሞልቶት አየሁ። ይህ የመጋዘን ቆጠራ እንጂ የሰው ታሪክ አይደለም! ጸሐፊው ሊጠይቅ የሚገባው አንድን ሰው ከገንዘብ ወደ ረኃብ፣ ከረኃብም ወደ ሕክምና ምን እንደወሰደው ነው። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የዘለቀውን፣ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ዘመን የሚያጠና ሰው፣ የከብት በሽታው በሬዎችን እንዴት እንደፈጀ፣ በሬ ሲታጣ እርሻው እንዴት እንደተስተጓጎለ፣ የእህል ዋጋ እንዴት እንደናረና በረኃብ የደከመውን ሕዝብ ወረርሽኝ እንዴት እንደጣለው ሳይከታተል ሊጽፍ አይችልም። የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚው የሕክምናንም ታሪክ የጻፉት፣ ሕዝቡ ምን ይበላ፣ በምን ይገበያይ፣ በምንስ ይታመም እንደነበር ማወቅ ስለፈለጉ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለውን ክር ያላገኘ ረቂቅ ለማተሚያ ቤት አልደረሰም።

ሁለተኛው ስህተት ቤተሰብን በምስጋና ገጽ ብቻ ማሰናበት ነው። ፓንክረስት በ1956 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገቡት ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር ነበር፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በመሩባቸው ዓመታትም ባለቤታቸው ሪታ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ ነበር። አንዱ መረጃ ፈላጊ፣ ሌላዋ መረጃ ጠባቂ የሆኑበትን ቤት ሳይገልጹ የምርምር ሥራውን ብቻ መተረክ ግማሹን መተው ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጹ ዓመት አይጻፍ።

መከራን የታሪኩ ሁሉ ማዕከል ማድረግም ያሳዝነኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ መሆናቸው መነገር አለበት። ይሁን እንጂ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በሚኔሶታ ለዐሥርተ ዓመታት የግእዝ ብራናዎችን ሲመረምሩ፣ ካታሎግ ሲያዘጋጁና ለአማርኛ አንባቢ ሲጽፉ የኖሩት ኑሮ ከዚያች ቀን እጅግ ይሰፋል፤ የገጹም ድርሻ በዚያው ልክ ሊሰፋ ይገባል።

በሕይወት ያሉ አረጋውያን ምሁራንን ስትጠይቁም ስለ መጻሕፍቶቻቸው ብቻ አትጠይቋቸው። በየትኛው ሰዓት ይጽፉ እንደነበር፣ ረቂቃቸውን ማን በታይፕ ይመታላቸው እንደነበር፣ ልጅ ሲታመም ሥራውን እንዴት ያደርጉት እንደነበር ጠይቋቸው፤ መጻሕፍቱን በኋላም ታገኟቸዋላችሁ፣ ይህንን ግን ከእነርሱ አፍ ካልሆነ ከየትም አታገኙትም።