በልጅ ክብደት ጉዳይ ቤተሰብ የሚሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የወፈረውን ልጅ ሰሃን ብቻ መለወጥ ነው። ወንድሞቹ ፓስታ እየበሉ ለእሱ ሰላጣ ብቻ ከቀረበለት እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፤ ተደብቆ መብላትም ይለምዳል። መለወጥ ያለበት የቤቱ ማዕድ ነው። የወጡ ዘይት ሲቀነስ ለአባትም ለእናትም ይቀነስ፤ ጎመኑ ሲበዛም ለሁሉም ይብዛ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ልመናው ነው። ልጁ «ጠገብኩ» ብሎ ፊቱን ሲያዞር «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይባላል። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ይቅር አንልም። ነገር ግን በየቀኑ ጠግቦ እየተለመነ የሚጎርስ ልጅ ሆዱ የሚነግረውን መስማት ይተዋል። አያትም ቢሆኑ ጉርሻቸውን ገና ማዕዱ ሲቀርብ፣ ልጁ ሳይጠግብ ያጉርሱት። ጥጋብ እስኪሰማ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ መጀመሪያ ትንሽ ይቅረብለት፤ ካልጠገበ ራሱ ይጠይቃል። ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ወላጅ ይወስን፣ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ። ስልክ እያየ የሚበላ ልጅ ደግሞ መጥገቡንም አያውቀውም፤ በማዕድ ሰዓት የሁላችሁም ስልክ ይነሳ።

መጠጥን ከምግብ አለመቁጠርም የተለመደ ስህተት ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው፤ ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 37 ግራም ገደማ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ አብዛኛውን ይጨርሰዋል። ጁስም ቢሆን ፍሬው ተፈጭቶ ቶሎ ስለሚጠጣ አያጠግብም፤ ብርቱካኑን ልጦ መስጠት ይሻላል። ምሳ ዕቃው ጎን የሚቀመጠው ኮዳ ውኃ ይያዝ።

«ግቢያችን ጠባብ ነው» ብሎ ልጅን ቤት ማዋልም አለ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሹ እስኪፈጥን መንቀሳቀስ አለበት፤ ባንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ 20 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ 20 ደቂቃ መመለስ፣ ቤት ሲደርስ ገመድ ዝላይ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ቢጫወት ሞላ።

እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግስቱ ብዙ ይርበዋል፣ ጣፋጭም ያምረዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ የ8 ዓመት ልጅ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ቢተኛ 10 ሰዓት ያገኛል።

በመጨረሻም፣ መንገድ ዳር ሚዛን ላይ የተነበበ ኪሎ ያለ ቁመት፣ ዕድሜና ጾታ ምንም አይነግርም። ልጅን በዚያ ቁጥር «ወፍሬ» ብሎ መጥራት ያሳፍረዋል እንጂ አያቀጥነውም። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ቁመቱንም አስለኩት። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ መክሳት ሳያስፈልገው ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ምግብ አትከልክሉት። ማታ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ ወይም ውኃ እየጠማው ደጋግሞ የሚሸና ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ይየው።