ቀኑ ከጠዋቱ ሲበላሽ እንዴት ተረጋግቶ መዋል ይቻላል?

ባለፈው ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እንጀራ እየጋገርኩ ነበር። ስምንተኛውን ሳወጣ መብራት ሄደ። ግማሹ ሊጥ ገና ባልዲው ውስጥ ነው። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ቆሜ እያየሁ ልጄ ሻይዋን ዩኒፎርሟ ላይ ደፋችው። ጮህኩባት። እያለቀሰች ትምህርት ቤት ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለው መብራቱ አይደለም፣ ሊጡም አይደለም። ጩኸቴ ነው። መብራቱን ያጠፋችው እሷ አይደለችማ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፣ ብዙ ጊዜ ቀናችንን የሚወስድብን መጀመሪያ የደረሰብን ነገር ሳይሆን በንዴት ራሳችን የምንጨምርበት ሁለተኛው ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩት በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃዎች የሚመለከት ነው።

1. አፍ ይዘጋ፣ ትንፋሽ ይርዘም

ስንናደድ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻ ይወጠራል። ሰውነት ለጠብ ወይም ለሽሽት እየተዘጋጀ ነው። የተደፋ ሻይ ግን የሚፈልገው ጨርቅ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ራስን "ተረጋጋ" ብሎ ማዘዝ ብዙም አይሰራም፤ ትንፋሽን ግን ማዘዝ ይቻላል። በአፍንጫችሁ አራት እስክትቆጥሩ ሳቡ፣ ከዚያ ስድስት ወይም ስምንት እስክትቆጥሩ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙት፣ ቢፈጅ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው ማውጣቱ ላይ ነው፤ ትንፋሽ ስናወጣ የልብ ምት ቀነስ ይላል፣ ማውጣቱን ስናረዝመው ልባችንም አብሮ እየበረደ ይመጣል። ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም የልብ ምት ዝቅ ያደርጋል። ውሃም ከሄደ ከጀሪካኑ አንድ ኩባያ ይበቃል።

እስከዚያ ምንም አትናገሩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ።

2. የሆነውን በልኩ ተናገሩት

"ዛሬ ቀኔ ጎዶሎ ነው።" "በግራ ጎኔ ነው የተነሳሁት።" "ሁልጊዜ እኔ ላይ!" እነዚህን ስንል የአንድ ሰዓት ችግር የሙሉ ቀን ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ትንሽ ነገር ሁሉ ለዚያ ማስረጃ እያደረግን እንቆጥራለን። ታክሲው ዘገየ፣ "ይኸው አላልኩም?" እንላለን። ይልቅ በቁጥር ተናገሩት። "መብራት ሄዷል። ስምንት እንጀራ አለ። ለዛሬ ምሳና ራት ይበቃል።" ስሜታችሁንም ስሙን ጥሩት፤ "ተናድጃለሁ" ማለት ብቻውን ያስተነፍሳል።

እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር። በጎ በጎውን ማየት ማለት ምንም እንዳልተፈጠረ መሆን አይደለም። "የኢዮብን ትዕግስት ይስጥህ" እያልን እንመራረቃለን፣ ግን ኢዮብ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ምሬቱን በግልጽ ተናግሯል፣ የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደርሷል። የከፋው ሰው "ተመስገን በል እንጂ" እየተባለ አፉ ሲዘጋ ሳይ ያመኛል። መጀመሪያ ይናገር፣ ተመስገኑ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ብቻ ለአንድ ሰው አንዴ ንገሩትና ይብቃ፤ ለአምስት ሰው ስትተርኩት አምስት ጊዜ እንደገና ትናደዳላችሁ።

3. ለእጃችሁ ሥራ ስጡት

የምትችሉትንና የማትችሉትን ለዩ። መብራት ማምጣት አልችልም። ግን ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነ ማየት እችላለሁ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሂሳቡ አልቆ ሊሆን ይችላል። ጎረቤትን "እናንተም ጋ ሄዷል?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እነሱ ጋ ካለ ችግሩ ግቢያችሁ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሊጡን ከድኖ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ለቁርስ ያህል በማያጣብቅ መጥበሻ ከሰል ላይ ወይም ጋዝ ላይ ትንንሽ እንጀራ ማውጣት ይቻላል። ወጥ ቢያርርባችሁም እንደዚያው ነው፣ ድስቱን ሳትፍቁ ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡት፣ አብዛኛው ይተርፋል። ትንሽ ነገር ይሁን፣ ግን አሁኑኑ የሚያልቅ ይሁን። አንድ ነገር ሲሳካ ጭንቅላት ይከፈታል።

ቁርስም ብሉ። በባዶ ሆድ የሚመጣ ንዴት ሌላ ነው። ቡናው ግን እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ትንሽ ይቆይ፣ ልብ ሲመታ ቡና ይጨምርበታል።

4. ንዴቱ ሰው ላይ እንዳያርፍ

መገናኛ ታክሲ ለመያዝ በዝናብ አንድ ሰዓት ተሰልፋችሁ፣ ባንክ ስትደርሱ "ሲስተም የለም" ስትባሉ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቅርብ ስለሆነች ብቻ ነው ንዴታችሁን የምትቀበለው። ሲስተሙን እሷ አላቋረጠችውም፣ ከጠዋት ጀምሮም ስትሰደብ ነው የዋለችው። "እህቴ፣ ስንት ሰዓት አካባቢ ብመለስ ይሻላል? ሌላ ቅርንጫፍ ይሰራ ይሆን?" በሏት። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ መልስ የሚያስገኘውም እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። ከታክሲ ረዳት ጋርም ያው ነው። መልስ ሳይሰጣችሁ ከቀረ "ወንድሜ፣ መልሴን አትርሳኝ" በቂ ነው። መብታችሁን አትተዉ፣ ድምፃችሁን ብቻ ዝቅ አድርጉ።

5. ከጮሃችሁ በኋላ

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ሳይመሽ ይቅርታ ጠይቁ፣ በተለይ ልጆችን። ልጅ የእናቱን ንዴት ሲያይ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ቁጭ በሉና ዓይን ለዓይን ተያዩ። "የተናደድኩት በመብራቱ ነው፣ ባንቺ አይደለም። መጮህ አልነበረብኝም።" ይበቃል። "አንቺም እኮ ሻዩን..." ብላችሁ ካከላችሁበት ይቅርታው ይፈርሳል።

6. ማታ የሚሠራ ሥራ

ዩኒፎርም፣ ቦርሳ፣ የታክሲ ዝርዝር ብር፣ ስልክና ፓወር ባንክ ቻርጅ፣ የተሞላ ጀሪካን። ሃያ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ትርፍ ዩኒፎርም ቢኖረን ኖሮ ያን ቀን ሻዩ ምንም አልነበረም።

ይህ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ነገር ነው፣ ለሐዘን ወይም ለትልቅ ችግር አይደለም። ንዴቱ ወይም መከፋቱ በየቀኑ ከሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ በትንፋሽ የሚመለስ አይደለምና ሐኪም ጋ ሂዱ።

መብራቱ የመጣው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሊጡ ኮምጠጥ ብሏል። ከላይ ያቆረውን ውሃ ደፍቼ ንጹህ ውሃ ጨመርኩበትና እንደገና ኩፍ እስኪል ጠበቅኩ። ይቅርታ ስለጠየቅኳት ይሁን አላውቅም፣ ልጄ መተኛት እምቢ ብላ ምጣዱ አጠገብ ቆመች። አክንባሎውን ሳነሳ "ዓይን አወጣ!" ብላ አጨበጨበች።