ማሽኑ አማርኛው ገብቶታል? በጥንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚፈተን

ማሽንን፣ ማለትም እንደ ቻትቦት ያለ በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራምን፣ «ገብቶሃል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «አዎ» ይላል። የሚሻለው ካናዳዊው ተመራማሪ ሄክተር ሌቬክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው፣ በኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቴሪ ዊኖግራድ ስም የሚጠራው ፈተና ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ ያቺ ቃል ስትቀየር መልሱ ይገለበጣል።

«አልማዝ ለሂሩት ገንዘብ አበደረቻት፤ ቸግሯት ስለነበር።»
«አልማዝ ለሂሩት ገንዘብ አበደረቻት፤ ተርፏት ስለነበር።»

የቸገራት ማን ናት? የተረፋትስ? ሰው ሳያመነታ ይመልሳል። ሰዋስው ግን ምንም አይጠቁምም፤ የሚያበድር ምን እንዳለው፣ የሚበደር ምን እንደጎደለው ማወቅ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ስታዘጋጁ ዋናው ጣጣ የግሱ መድረሻ ነው። ሂሩትን በከበደ ብትተኩ «ቸግሮት» ይሆናል፤ «ሮ»ዋ ብቻዋን መልሱን ታወጣለች። «እትዬ ሂሩት» ካላችሁም «ቸግሯቸው» ይመጣና ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች በጾታ፣ በቁጥርና በአክብሮት አንድ ይሁኑ። የእንግሊዝኛውን የጥንዶች ስብስብ ቃል በቃል ተርጉሞ የሚፈትን ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ስውር ነው። «ሾፌሩ መኪናውን አቆመው፤ ርቦት ስለነበር» ጥያቄ አይሆንም፤ መኪና አይርበውም። ማሽኑ ታሪኩን ሳይከተል «ርቦት» ከሾፌር ጋር እንደሚሄድ ብቻ አይቶ ይመልሳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ቃሉን ለሁለቱም ስሞች ለየብቻ ስጡት፣ ለአንዱ ብቻ ካስኬደ ጣሉት።

20 ጥንድ ይበቃል። ከመጠቀማችሁ በፊት ምኑንም ላላወቁ ሦስት ሰዎች ስጧቸው፤ በአንዱ እንኳ ካልተስማሙ ያንን ጥንድ አውጡት። ዋንጫውና ሻንጣው ያለበትን የታወቀ የእንግሊዝኛ ምሳሌ («ዋንጫው ሻንጣው ውስጥ አልገባም፤ ትልቅ ስለሆነ») አትንኩ፤ ኢንተርኔት ላይ ስለሞላ ማሽኑ አንብቦታል።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአዲስ ውይይት ጠይቁ። በአንድ ውይይት ካስከተላችሁ ከመጀመሪያው መልስ ተቃራኒውን ሰጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ነጥብ የሚያዘው ሁለቱም በትክክል ሲመለሱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ስም የሚጠራ ማሽን በዓረፍተ ነገር ቢቆጠር 50 በመቶ ያገኛል፣ በጥንድ ግን ዜሮ ነው፤ በግምት የሚመልስም ከ20 ወደ 5 ገደማ ነው የሚያገኘው። ቀጥሎ «ሂሩት ለአልማዝ» እያላችሁ ስሞቹን አገላብጡና ድገሙት። ነጥቡ በጣም ከወረደ ማሽኑ የያዘው ስሞቹን እንጂ ታሪኩን አልነበረም።

ማሽኑ ከወደቀ ቶሎ አትፍረዱ። ያንኑ ጥንድ በእንግሊዝኛ ስጡት፤ እዚያ ካለፈ የጎደለው አማርኛ እንጂ ስለ ብድር ያለው ዕውቀት አይደለም።

ማለፉ ደግሞ የባሰ ያከራክራል። በእንግሊዝኛው ስብስብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ90 በመቶ በላይ ያገኙ ሞዴሎች ነበሩ፤ መረዳት ተገኘ ብሎ የዘጋው ግን የለም። ፈላስፋው ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 ያነሳው ሐሳብ እንደተገተረ ነው፦ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በመመሪያ መጽሐፍ ብቻ ትክክለኛ የቻይንኛ መልስ ቢያወጣ፣ የእኛንም 20 ጥንድ እንዲሁ ያልፋል፤ ግን የገባው ነገር የለም። ሰውየው ባይገባው ክፍሉ በሙሉ ይገባዋል የሚሉ አሉ፤ ይህ ፈተና ሁለቱን ወገኖች አይዳኝም። በማስታወሻችሁ ላይ «ገብቶታል» ብላችሁ አትጻፉ። «ከ20 ጥንድ 17፣ ስሞቹ ሲገለበጡ 16» ብላችሁ ጻፉ፤ የሞዴሉን ስምና ቀኑንም ጨምሩበት።